እትዬ ጊና እናቴን የከሰሰችበት ዓመት

እትዬ ጊና እናቴን ለመክሰስ የወሰነች ዕለት ሁለቱም ጓሯችን ተቀምጠው ለብርዱ ወራት የሚቀመጥ ቀይ ቃሪያ እየጠበሱ ነበር። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ የወይን በርሜል ጣውላ እልጋለሁ።

«ክስ ያስፈልገኛል» አለች እትዬ ጊና።

«ምን?» አለች እናቴ።

«ክስ። ፍርድ ቤት የሚቀርብ። የሆነ ሰው መክሰስ አለብኝ።»

«ማንን?»

«እሱን ነው ያላወቅሁት። የበደለኝ ሰው የለም።»

እናቴ ቃሪያዎቹን በጣቷ ገለባበጠቻቸው። እሳት አይፈጃትም። «ታዲያ እኔን ክሰሺኛ» አለች።

«አንቺ ምን አድርገሽኝ?»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ጎረቤትሽ ሆኜ ምንም አላደረግሁሽም? እስቲ ደህና አድርገሽ አስቢ።»

እትዬ ጊና እውነትም ማሰብ ጀመረች። ዓይኗ አጥሩን ተሻግሮ ዞረና ከጓሯችን ጥግ ያለው ትልቁ የዋልነት ዛፍ ላይ አረፈ። የዛፉ ግማሽ ቅርንጫፍ ያለው በእሷ ግቢ ላይ ነው። «ዋልነቱ» አለች ቀስ ብላ።

«ዋልነቱ!» አለች እናቴም፤ ሁለቱም ሳቁ።

ነገሩ የመጣው ከኔዳ ነው። ኔዳ የእትዬ ጊና አንድያ ልጅ ናት። ሶፊያ ሄዳ ሕግ ተምራ፣ በማዕረግ ተመርቃ ነው የተመለሰችው። ያኔ ቡልጋሪያ ውስጥ ሴት ሕግ መማር ትችላለች፤ ጠበቃ መሆን ግን አትችልም። ጠበቃ የሚሆነው የመምረጥ መብት ያለው ዜጋ ነው ይላል ደንቡ፤ ሴት ደግሞ አትመርጥም። አራተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት የተውኩት እኔ እመርጣለሁ። ኔዳ ለጠበቆች ምክር ቤት በየዓመቱ ታመለክታለች፤ በየዓመቱ በትሕትና እምቢ ይሏታል። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ወይዘሪት፣ እንዲህ ያለ ያማረ ጽሕፈት እያለሽ ምን በወጣሽ ችሎት ፊት ትጮሂያለሽ?» ብሎ ፈገግ አለባት አሉ።

ስለዚህ ጠበቃ ሃራላምፒ ቢሮ በጽሕፈት መኪና ትጽፋለች። ሃራላምፒ ክፉ ሰው አይደለም። መብል ይወዳል፣ ማንበብ ግን ይሰለቸዋል። ክርክሩን የምታዘጋጀው ኔዳ ናት፤ እሱ ችሎት ፊት እጁን እያወዛወዘ ያነበዋል። በጸደይ ወር በአንዲት ባሏ በሞተባት ሴት ጉዳይ ላይ ሲከራከር አንድ ሙሉ ገጽ ዘለለ። የዘለለው ደግሞ ዋናውን ነው። ከኋላው የተቀመጠችው ኔዳ ብድግ ብላ፣ «አቶ ሃራላምፒ፣ ገጽ ዘለሉ» አለችው። ዳኛው በመዶሻው ጠረጴዛውን መታ።

«የጽሕፈት ሠራተኛዋ ዝም ካላለች ከአዳራሹ ትውጣልን!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኔዳ ተቀመጠች። ሴትዮዋም ተረታች።

ያን ቀን እትዬ ጊና ለልጇ አይብ የገባበት ቂጣ ለምሳ ይዛ ሄዳ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሁሉንም አየች። ቂጣውን ሳትሰጣት ይዛው ተመለሰችና ለውሻችን ሰጠችው። እናቴን ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄን ዝም በይ አሏት፣ ቶታ።»

በበጋው ማብቂያ ላይ ኔዳ እራት እየበሉ ለእናቷ ስለ ሕግ መጽሐፍ ስታወራ አንድ ነገር እየሳቀች ነገረቻት። ጠበቃ ያልሆነ ሰው በማንም ስም ችሎት ፊት ሊናገር አይችልም፤ ልጅ ግን ለወላጁ መቆም ይችላል። «እንግዲህ እማዬ፣ አንቺ አንድ ጉዳይ ቢኖርሽ ኖሮ እኔ ጠበቃሽ እሆን ነበር» አለቻት። ኔዳ ለጨዋታ ነው ያለችው። እትዬ ጊና ግን አልሳቀችም። ሌሊቱን ሙሉ አስባበት በማግሥቱ ቃሪያ ሊጠበስ ስትመጣ ያንን ተናገረች።

ኔዳ ሐሳቡን ስትሰማ ተቆጣች።

«እማዬ፣ ፍርድ ቤት የቲያትር መድረክ አይደለም። በሌለ ጠብ ዳኛ ፊት አልቆምም።»

«ማን አለ የለም ብሎ? ጥላው ቲማቲሜን ገድሎታል።»

«እትዬ ቶታን ትወጃታለሽ።»

«መውደድና ቲማቲም ምን አገናኛቸው?»

ኔዳ በዚህ አልተበገረችም። ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎን ነበር። ግን ሁለቱ ሴቶች ስለ ዋልነቱ አንዴ ማውራት ጀምረዋልና ማቆም አቃታቸው። በቀልድ የጀመሩት እየመረረ ሄደ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«እኔ ዝም ስላልኩ እንጂ» አለች እትዬ ጊና፣ «በዚህ ዛፍ ምክንያት አንድ ዓመት እንኳ ደህና ቲማቲም በልቼ አላውቅም።»

«ቲማቲምሽ የሚጠወልገው ውኃ ስለማታጠጪው ነው። ባልሽም ይሄንኑ ይል ነበር።»

«ባሌን ከመቃብሩ አታስነሺብኝ!»

«እኔ ምን አስነሳዋለሁ፣ ሾርባሽ ትዝ ካለው ራሱም አይነሳም።»

እትዬ ጊና ፊቷ ቀላ። ወደ ቤቷ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው። በማግሥቱ ግቢዋ የረገፈውን የዋልነት ቅርፊት ሁሉ ጠራርጋ በአጥሩ ላይ ወደ እኛ ደፋችው። እናቴም መልሳ ደፋችባት። ሳምንቱን ሙሉ ቅርፊቱ ወዲያና ወዲህ ሲበር ከረመ። ዳቦ ጋጋሪው ጋ ሲገናኙ እንኳ አይነጋገሩም።

ኔዳ ይህን ሁሉ በመስኮት ታይ ነበር። እሑድ ዕለት ከቤታቸው የጽሕፈት መኪና ድምፅ ተሰማ። ወደ ግቢያችን ብቅ ብላ፣ «ፔንቾ፣ አሁን እውነተኛ ክርክር አለ» አለችኝ። ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ልመልስላት ፈልጌ ጣውላዬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ከእሷ ጋር ሳወራ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

መጥሪያው ሲደርሳት እናቴ መጀመሪያ ደስ አላት። አስነብባኝ ስታበቃ ግን እንደ እሳት ነደደች። «‹በተከሳሿ ግትርነት› ይላል? ግትር አለችኝ? በማኅተም?» ወደ አጥሩ ሄዳ፣ «ኔዳ! አንቺን በእነዚህ እጆቼ ነው ያጠብኩሽ!» ብላ ጮኸች።

«ሕጋዊ ቃል ነው፣ እትዬ ቶታ» አለች ኔዳ ከውስጥ።

«ቆይ፣ ሕጋዊ ቃል እኔም አላጣም!»

በረዶ ሲጥል እትዬ ጊና ታመመች። ልቧን ነው ያማት። እናቴ የዶሮ ሾርባ ሠርታ አጥሩ ጋ ትንሽ ቆም ካለች በኋላ ተሻግራ ሄደች። እኔ ምድጃ የሚገባ እንጨት ተሸክሜ ተከተልኳት። እትዬ ጊና ትራስ ተደግፋ ቀና ብላ አየቻት።

«ግትሯ መጣች» አለች።

«አፍሽን ክፈቺና ጠጪ።»

ጠጣች። «ክሱን ላንሳልሽ?» አለች።

«ብታነሺ በዓይኔ አላይሽም» አለች እናቴ። «ከረታሽኝ ግን ቅርንጫፉን ራስሽ ነሽ የምትቆርጪው።»

ችሎቱ ለማርች ወር ተቀጠረ። እትዬ ጊና አልጋዋ ላይ ሆና ለልጇ ጥቁር ቀሚስ ሰፋች፤ አንገቱ ነጭ ነው። ኔዳ ማታ ማታ ከቢሮ ስትመለስ እናቷ ፊት ቆማ ትለማመድ ነበር። ከእኛ ግቢ ቃሉ አይለይም፤ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። የማይቸኩል፣ ጸጥ ያለ ድምፅ ነው። እኔ መላጊያዬን አስቀምጬ እሰማው ነበር።

አንድ ምሽት እንጨት ላደርስ ስገባ እየተናገረች ደረስኩ። እትዬ ጊና በእጇ ምልክት ሰጥታ በሩ ጋ አቆመችኝ።

«አሁን ወደ መደምደሚያው ልሂድ፣ ክቡር ዳኛ» አለች ኔዳ።

«ተዪ፣ ተዪ!» አለች እናቷ። «መጨረሻውን አትንገሪኝ። እሱን እዚያው ነው የምሰማው፣ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ።»

«እማዬ፣ ሐኪሙ ከአልጋ አትውረጂ ብሏል።»

«ሐኪሙ የራሱ ልጅ ችሎት ስትቆም አልጋው ላይ ይቅር። ይልቅ እጅሽን አታወዛውዢ። እጅ የሚያወዛውዘው ሃራላምፒ ነው።»

በማርች የመጀመሪያ ቀን እንደ ልማዳችን ሁሉም ሰው ቀይና ነጭ ክር እጁ ላይ ያስራል፤ ሽመላ እስኪታይ ወይም ዛፍ እስኪያብብ አይፈታም። እትዬ ጊና ለኔዳ ገምዳ አሰረችላት። ለእኔም፣ ለእናቴም ሰጠችን። «ተከሳሽም ብትሆን ጤና ያስፈልጋታል» አለች።

የችሎቱ ዋዜማ ዕለት ጎህ ሊቀድ ሲል ኔዳ በራችንን አንኳኳች። ባዶ እግሯን ነበረች፣ በበረዶው ላይ። እናቴ እግሯን አይታ ነገሩ ገባት።

እናቴና ሌሎች ሁለት አሮጊቶች የእትዬ ጊናን ሬሳ አጠቡ፣ አለበሱ። ኔዳ ወንበር ላይ ተቀምጣ የእናቷን እጅ ይዛለች። አታለቅስም። ቀኑ ረፈድ ሲል እናቴ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ስሚኝ ልጄ። ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው። ቄሱን ለምኜዋለሁ፣ ደወሉን ዛሬ አይደውልም። የሞት ማስታወቂያውንም ነገ እናስለጥፋለን፣ ከችሎቱ ስትመለሺ። ከእኛ ከጥቂቶቻችን በቀር ማንም አያውቅም።»

ኔዳ አየቻት።

«ታማለች በይ። ታማለች ስትዪ ማን ይጠይቅሻል? ገብተሽ የምትናገሪውን ተናግረሽ ነይ። ጊና ነፍሷን ለዚህች ቀን ነው ያቆየችው። አንድ ቀን ብትጠብቅሽ ቅር አይላትም፤ እኔ አውቃታለሁ።»

በእኛ አገር ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀይ አያደርግም፤ ኔዳ የእጅ ክሯን ልትፈታ ስትጀምር እናቴ እጇን ያዘቻት።

«አትፍቺው! ከፈታሽው ያውቃሉ።»

ኔዳ ክሩን ተወችው። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ተስማምታለች ማለቷ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሬሳውን ለአሮጊቶቹ ትተን ፍርድ ቤት ሄድን። ኔዳ እናቷ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ከፊት ትሄዳለች። እኔ ምስክር ነበርኩ፤ ስለ ዛፉ ጥላ እመሰክራለሁ። በሰው ፊት መናገር ስለምፈራ መንገዱን ሙሉ የምለውን በልቤ ስደጋግም ሄድኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። ስለ ዋልነት ክርክር ያን ያህል ሰው መጥቶ አያውቅም። የከተማው ጠበቆች ሊያዩ መጥተው ከኋላ ተደርድረዋል። አንዱ፣ «ሃራላምፒ፣ ምሳ ማን ሊያበስል ነው? ሴቶቹ እኮ ሁሉም እዚህ ናቸው» ሲል ሰማሁት። ሃራላምፒ ሳቀ፣ ግን ከልቡ አልሳቀም። ለኔዳ የፈራ ይመስላል።

ዳኛው ያው በጸደይ ኔዳን «ትውጣልን» ያለው ነው። የሕግ መጽሐፉን ገልጦ ደጋግሞ አነበበው። በመጨረሻ፣ «ሕጉ ይፈቅዳል» አለ፣ ባይፈቅድ ደስ የሚለው በሚመስል ድምፅ። «ስምሽን አስመዝግቢ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። «ሥራ?»

«በሕግ ትምህርት የተመረቅሁ።»

ጸሐፊው ዳኛውን አየው። ዳኛው ትከሻውን ነቀነቀ። ጸሐፊው ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ሥራ፣ የቤት ልጅ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ኔዳ ወደዚያ አልዞረችም። ጠበቆች በሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆማለች። በዚያ ቦታ ላይ ሴት ቆማ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀጥ ብላ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ ዳኛውን እያየች። አጠገቤ ተከሳሽ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናቴ ጉልበቴን ጨበጥ አደረገችኝ።

«ከሳሽ ራሷ ለምን አልቀረበችም?» አለ ዳኛው።

እናቴ ከተከሳሽ ወንበር ብድግ አለች። «ታማለች! ልቧን ነው የሚያማት፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል!»

«ተከሳሽ፣ አልተጠየቅሽም። ተቀመጪ።» አዳራሹ እንደገና ሳቀ። «ተከሳሽ ለከሳሽ ስትከራከር ዛሬ ገና አየሁ። ወይዘሪት፣ አንቺን ነው የጠየቅሁት።»

ያኔ የኔዳን እጅ አየሁ። ቀይና ነጩ ክር የለም። መቼ እንደፈታችው አላውቅም፤ ቤት ይሁን መንገድ ላይ። እናቴም አየችው መሰለኝ፣ ተቀምጣ እንደገና የያዘችውን ጉልበቴን ለቀቀችው።

«ክቡር ዳኛ» አለች ኔዳ። ያው ማታ ማታ ስሰማው የነበረው ድምፅ ነው፤ የማይቸኩል። «ከሳሽ ትናንት ንጋት ላይ አርፋለች። በስሟ ለመናገር የነበረኝ መብት ከእሷ ጋር አብቅቷል። ይህንን ለችሎቱ የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ።»

ከኋላ ያሉት ጠበቆች አንድ በአንድ ሲነሱ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። ዳኛውም ተነሳ። መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ወረቀቱን እያየ ቀጠለ። «እርስዎ ወራሽ ነዎት። ግቢው ወደ እርስዎ ተላልፏል። ከፈለጉ ጉዳዩን በራስዎ ስም መቀጠል ይችላሉ። ቀጠሮ ልሰጥዎ እችላለሁ። ዛሬ ይናገሩ ቢሉኝም እሰማዎታለሁ።»

እናቴ በሹክሹክታ፣ «በይ እሺ፣ በይ እሺ» ትላለች።

ኔዳ ስታስብ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ከዚያ፣ «ስለ ራሱማ ማንም ሰው መናገር ይችላል፣ ክቡር ዳኛ» አለች። «እኔ ስለ ሌላ ሰው ልናገር ነበር የመጣሁት። ለራሴ የምጠይቀው ነገር የለም። መዝገቡ ይዘጋልኝ።»

ዳኛው መዶሻውን አነሳና ሳይመታበት መልሶ አስቀመጠው። «ተዘግቷል» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ሃራላምፒ ደረሰባትና ኮፍያውን አውልቆ ሐዘኑን ገለጸላት። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ምነው ልጄ፣ ታማለች ብትዪ ምን ነበረበት?» አላት። «እኔ ብሆን እል ነበር። ማናችንም ብንሆን እንል ነበር።»

«እናንተ ዋሽታችሁም ነገ ችሎት ትቆማላችሁ፣ አቶ ሃራላምፒ፤ እኔ ግን አልቆምም» አለችው።

ከሰዓት እትዬ ጊናን ቀበርናት። ለነፍስ የሚበላውን የስንዴ ንፍሮ እናቴ ናት የቀቀለችው፤ ስኳርና የተወቀጠ ዋልነት ገብቶበታል። ዋልነቱ ከዚያው ዛፍ የተለቀመ ነው። ከቀባሪዎቹ አንዱ፣ «የተካሰሳችሁበት ነው?» ብሎ ሊያፌዝ ጀምሮ እናቴን ሲያያት ንፍሮውን መቃም ቀጠለ።

ኔዳ በሳምንቱ ወደ ሃራላምፒ ቢሮ ተመለሰች። ከእነሱ ግቢ ማታ ማታ ምንም ድምፅ አይሰማም ነበር።

በአርባው ቀን ዛፎች ሁሉ ቅጠል አውጥተው ዋልነቱ ብቻ ገና ነበር፤ ዋልነት ዘግይቶ ነው የሚያቆጠቁጠው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ፣ «ፔንቾ፣ መሰላልና መጋዝ አምጣ» አለችኝ። መሰላሉን ዛፉ ላይ አስደገፍኩት። በእትዬ ጊና ግቢ ላይ ያለውን ትልቁን ቅርንጫፍ ልቆርጥ መጋዙን እንዳሳረፍኩ ኔዳ ከቤት ወጣች። ጥቁሩን ቀሚስ ለብሳለች፤ ሌላ የሐዘን ልብስ የላትም።

«ፔንቾ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ጊና ረታችኝ» አለች እናቴ ከታች። «ይቆረጥላት።»

«አልረታችሽም እትዬ ቶታ። ፍርድ አልተሰጠም። ያለ ፍርድ የሰው ዛፍ አይቆረጥም።»

እናቴ ወደ ቤት ገብታ የኩሽናውን ወንበር ይዛ ወጣች። አጥሩ ጋ አስቀምጣው ተቀመጠችበት።

«እንግዲያው ተናገሪ» አለች። «ያንን መጨረሻውን። ጊና ሳትሰማው ቀረች፤ ማንም አልሰማውም። እኔ ተከሳሽ ነኝ። የተከሰስኩበትን መስማት መብቴ ነው፤ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለች ኔዳ።

እኔ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ኔዳ አጥሩ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። እጆቿን አጣጠፈች።

«አሁን ወደ መደምደሚያው ልሂድ፣ ክቡር ዳኛ» አለች።

አፏን እንደከፈተች ቆመች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እጇ ተፈታ፤ አጥሩን ያዘች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስታለቅስ ያየናት ያኔ ነው።

እናቴ አልተነሳችም። ልታባብላትም አልሄደችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፍርድ ቤት እንደተቀመጠችው ተቀምጣ፣ ፀሐይዋ ከግቢው እስክትሸሽ ድረስ ጠበቀቻት።